ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ተሰማ፣

ቁልፉን ጎረቤት እነ ሚስኪ ጋ ትቼዋለሁ። ወጡን ዛሬውኑ ብላው፣ ነገ ይበላሻል። ሸሚዝህን አልተኮስኩትም፤ ለእሱ ይቅርታ።

አስኮ እህቴ ጋ ነኝ፤ እንዳትመጣ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አትጠብቁኝ። ሦስት እሁድ ሙሉ ይመታሻል ወይ፣ ይሰክራል ወይ እያሉ ጠየቁኝ። እናትህ አባቴን «ባሪያ» ብለው የጠጣበትን ኩባያ መለየታቸውን፣ እጀታው ላይም ቀይ ክር ማሰራቸውን ስናገር ግን ግራዝማች ሽብሩ «ይሄ ለእርቅ የሚነሳ ነገር አይደለም» አሉ። አንተ ጫማህን ታይ ነበር። ያኔ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብትል ኖሮ ዛሬ ሸሚዝህም ይተኮስ ነበር።

ስለ ኩባያው ልንገርህ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። አባቴ መጥቶ ከሄደ ጀምሮ፣ ባጠብኩ ቁጥር ክሩን ፈትቼ ሌላው ላይ አስር ነበር። ዓመት ሊሆነው ነው። የሸሻችሁት ክሩን ብቻ ነው። ግራዝማች በአባቴ ኩባያ ጠጥተዋል፣ እናትህም የልብ መድኃኒታቸውን ውጠውበታል፣ አንተም።

ማንም አልሞተም።

ለእናትህ ንገራቸው፣ ወይም እንደ ልማድህ ዝም በል። የትኛው ነው ካሉህ፣ ክሩን ጥዬዋለሁ፤ የቱ የአባቴ እንደነበር አሁን እኔም አላውቀውም።

አስካለ