የሰፈሩን ፍሳሽ ስለሚያስተናግደው መጸዳጃ ቤቴ

ለተከበሩ የፍሳሽ ማስወገጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ይልቁንም ለአፍንጫዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ፤ የእኛ ቤት አፍንጫዎች፣ እግዜር ይመስገን፣ ከአራት ወር ወዲህ ሥራ አቁመዋል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው፤ በጽሕፈት ቤትዎ ቸርነት አንድ ተራ የቤት ባለቤት በዚህ ዕድሜው ግንበኛም ቧንቧ ሠራተኛም ለመሆን በቅቷልና።

አባቴ የሠራው ቤታችን ከመንገዱ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ የእግረኛ መንገዱን በአዲስ ንጣፍ ባሳመረ በሳምንቱ፣ የመጸዳጃ ቤታችን መቀመጫ የሰጠነውን ሁሉ መመለስ ጀመረ። የወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳም ጠዋት ጠዋት ያገሳል፤ ያገሳውንም ኮሪደሩ ላይ ይዘረግፈዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንገሸግሻል። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ለላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። እኒህ ጨዋ ሰው ከግቢው በር ሳያልፉ፣ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ፣ ችግሩ የቤቱ የውስጥ ችግር ነው ብለው ጽፈው ሄደዋል። ግድግዳ ዘልቆ የሚያይ ዓይን ሰጥቶ ደፍ የሚሻገር እግር የነሳቸው አምላክ ሥራው ድንቅ ነው!

2ኛ. እኔም ቃላቸውን አምኜ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባሁ። በጎማ መምጠጫ ገፋሁ፣ ረጅም ሽቦ ሰደድሁ፣ ሙቅ ውሃ በሳሙና ደፋሁ፣ መቀመጫውን ነቅዬ ቀየርሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ ከጎረቤታችን ቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሆነን የወለሉን ሴራሚክ አፍርሰን ቧንቧውን እስከ ግቢው በር ድረስ ለወጥን፤ በዚያው የመጸዳጃ ቤቱ መግቢያ ደረጃ ተሰበረ። ያወጣነው አሮጌ ቧንቧ ግን ከእኔ ጉሮሮ የጸዳ ነበር።

3ኛ. ብልሃቱን ያመጣው ያው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የቤቱን ውሃ ከዋናው መዝጊያ ዘግተን ቀኑን ሙሉ ጠብታ ሳናፈስ እንድንጠብቅ አደረገን። ከሰዓት በኋላ ቀዳዳው እንደ ልማዱ አገሳ። የወጣውን ባልነግርዎ በወደድሁ፣ ግን በአደራ የተቀመጠ ንብረት ነውና ይመዝገብልኝ፦ የሩዝ ፍሬ፣ የሽንኩርት ልጣጭና እፍኝ የሚሞላ ቀይ የተቀባ ጸጉር። ክቡር ሆይ፣ እኛ ቤት ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ እኔ መላጣ ነኝ፣ የእሷም ጸጉር ጥጥ መስሏል። ከመንገዱ ራስ ላይ ያለችውን ባለ ቀይ ጸጉር ጎረቤቴን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብዬ ሰላም ማለት አቅቶኛል።

4ኛ. ዋናው መስመር መዘጋቱን አውቄ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ጸሐፊዎ በትሕትና ቅጽ ሰጥታኛለች። ቅጹ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ የተቀረጸው ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑን ደግሞ ሠራተኞችዎ ንጣፉን ከፍ ሲያደርጉ አብረው ማንሳት ዘንግተው ቀብረውታል፤ ለዓመታት ሲከፍተው የኖረው ቧንቧ ሠራተኛ ቦታውን አሳይቶኛል። በላዩ የተነጠፈው ስምዎ በወርቃማ ፊደል የተጻፈበት፣ “ለንጹሕ ሰፈር” የሚለው የምረቃ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ያለ እርስዎ ፊርማ አይነሳም፤ እርስዎም ያለ ክዳኑ ቁጥር አይፈርሙም። ኧረ እንዴት ያለ አሠራር ነው!

እስካሁን ቀልጃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልችልም። እናቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ ቆሻሻ የምትጸየፍ ሴት ናት። ወደዚያ ክፍል ላለመግባት ስትል፣ ለእኔ ሳትነግረኝ፣ ውሃ መጠጣት አቆመች። ብርጭቆውን ትቀበለኝና መስኮቱ ላይ ላለው አበባ ታጠጣው ነበር፤ እኔ ሞኙ አበባው ለመለመ ብዬ ደስ ይለኛል። ኮሪደሩ ላይ ወድቃ ሐኪም ቤት ስንደርስ ኩላሊቷ በውሃ እጦት መጎዳቱ ተነገረን። አሁን እናቴ በታናሽ እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ትተኛለች፤ በየቀኑ እየደወለች ቤቴ የምገባው መቼ ነው ትለኛለች። ምን ልበላት? ከፍሳሹ ይልቅ ይህ ያቅለሸልሸኛል።

ስለዚህ ብዕርዎ ከሥራ ብዛት ፋታ ያገኘ ዕለት አንዲት ፊርማ እንዲያኖሩልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

የጎረቤቶቹን ሁሉ ገመና በወለሉ ላይ የሚያነብ፣
ከመንገዱ ዝቅተኛ ቦታ አክባሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ መዝገብ ቤትዎ አስገብቼ ሁለት ሳምንት መልስ ስላጣሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ድንጋዩን በዲጂኖ ፈንቅለነዋል። መስመሩን ወትፎ የተገኘው የሠራተኞችዎ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። የክዳኑ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው፤ ለቅጹ ይሆንዎታል። እናቴ ትናንት ቤቷ ገብታ እያየኋት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥታለች። ድንጋይዎንም አልጣልነውም፤ የተሰበረውን የመጸዳጃ ቤት ደረጃ ተክቶልናል። ጽሑፉን ወደ ላይ አድርገን ስለለሰንነው እናቴ በገባች በወጣች ቁጥር ክቡር ስምዎ ላይ ትቆማለች፤ ሐኪሟም ብዙ ውሃ እንድትጠጣ አዝዛታለች።