ኦርዊን ደጃፍ ላይ ስለፈረማት ፊርማ

ለክቡር የሰሜን ምድጃ የቤት ማሞቂያ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዱሉት፣ ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤትዎ ይሙቅልዎ፤ ማታ ተኝተው ጠዋት በሰላም ይነሡ ዘንድም ከልቤ እመኛለሁ። ባለቤቴ ኦርዊን ይህ አልሆነለትም። ሠራተኛዎ ማሞቂያችንን አጽድቶ በሄደ በሳምንቱ፣ እኔ እህቴ ዘንድ ሳለሁ፣ በቅጡ ያልተገጠመው የጭስ ማውጫ ቱቦ ተላቀቀ፤ መርዛማው ጋዝም ቤቱን ሞላው። ኦርዊን ከተኛበት አልነቃም።

አንደኛ፣ ስለ ሐዘን መግለጫ ካርድዎ አመሰግናለሁ፤ የታተመችበት ርግብ ታምራለች። በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ ኦርዊን በፈረመው ውል መሠረት ማናቸውም ክርክር በፍርድ ቤት ሳይሆን ኩባንያዎ በሚመርጠው ገላጋይ ዳኛ ፊት፣ በዝግና በምስጢር እንደሚታይ ስላስታወሱኝም እንዲሁ። ቴምብር መቆጠብዎ ነው መቼም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊርማው። ሠራተኛዎ ውሉ ያለበትን ታብሌት ዘርግቶ ደጅ ቆሞ ነበር፤ በረዶው ትከሻው ላይ ይከመራል፤ ግባ ቢባል ጫማዬ ወለሉን ያቆሽሻል ብሎ እምቢ አለ። እኔ "ኧረ መጀመሪያ አንብበው" ብለው፣ ኦርዊን "ተይ እንጂ ማርሊስ፣ ሰውዬው በብርድ ሊያልቅ ነው እኮ! ጣት ማሳረፍ ምን አላት?" ብሎ ፈረመ። እኛ እዚህ አገር ሰው በረዶ ላይ አቁመን ያን ሁሉ ገጽ አናነብም፤ ነውር ነው። ውልዎ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ደጃፍ ላይ የሚፈረመው ይህን ስለሚያውቁ መሆኑ የገባኝ ከቀብሩ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተፈረመ በሠላሳ ቀን ውስጥ ደብዳቤ የጻፈ ደንበኛ ከግልግሉ አንቀጽ መውጣት ይችላል ይላል ውልዎ። ቀኑ ሳያልፍ ጻፍሁ። ከቢሮዎ የደወለችልኝ ልጅ ድምጿ ማር ነው።

"አዝናለሁ እማማ፣ መውጣት የሚችለው ራሱ የፈረመው ሰው ብቻ ነው" አለችኝ።

"ሞቷል እኮ ልጄ!"

"ይገባኛል እማማ፤ ግን በራሱ እጅ መፈረም አለበት።"

ለመውጣት የሞተ ሰው፣ ለመታሰር ግን በሕይወት ያለ ሰው ሆነልዎ ማለት ነው። ጎበዝ!

ገንዘብዎን አልጠየቅሁም፣ ክቡር ሆይ። ሠራተኛዎ ያን ቱቦ እንዴት እንደገጠመው፣ ጎረቤቶቼ በተቀመጡበት ችሎት፣ በአደባባይ እንዲናገር ብቻ ነው የምፈልገው። የእነሱንም ማሞቂያ የሚያጸዳው እሱ ነው። በዝግ ክፍል የሰማሁትን ብነግራቸው ግን ውል አፍርሰሻል ልባል ነው። ስለዚህ ገና ዝም በይ ሳልባል ይህን በጋዜጣ አወጣሁት።

ስላነበቡልኝ እያመሰገንሁ፣ ማሞቂያውን አጥፍታ ካፖርቷን ደርባ የምትጽፍልዎ፣ የቀድሞ ደንበኛዎ፣

ማርሊስ ኢንገብሬትሰን

ማሳሰቢያ፦ ኦርዊን በራሱ እጅ ካልፈረመ የሚሉ ከሆነ፣ እባክዎ ያንኑ ሠራተኛ ታብሌቱን አስይዘው ይላኩልኝ። ኦርዊን ከሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ነው ያለው። በረዶው እዚያ ጉልበት ይደርሳል፤ እስኪፈርምለት ቆሞ ይጠብቅ። አሁን ግን በብርድ ሊያልቅ ነው ብሎ የሚጣደፍለት ሰው የለም።