ሦስት እሑድ፣ አራት ሻማ

ታኅ. 4፣ ቅዳሜ

ጣቴ ሁሉ ሙጫ ነው። ጽድ ስከረክም ዋልኩ። እማዬ ከጎሚስታው የለመነችውን የብስክሌት ቸርኬ በጽድ ጠቅልላ አራት ሻማ ተከለችበት። ሦስቱ ሐምራዊ ሪባን አላቸው፣ አንዱ ሮዝ። አክሊል ነው ተብሏል። በአንድ በኩል ቸርኬነቱ አሁንም ያበራል። እኔ የለሁበትም።

ስማ ደብተሬ። እማዬ የሆሳዕና ከተማ ልጅ ናት። እንደኛ ካቶሊክ ቢሆኑም ሥርዓታቸው የላቲን ነው፤ እነሱ ጋ ከገና በፊት አራት እሑድ በየሳምንቱ አንድ ሻማ ይጨመራል። የሚለኩሱት አባቷ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ልደታ ሰፈር ኖራ ዘንድሮ ደፍራ ቤ/ክ ውስጥ እንዲበራ ቆሞሱን ጠየቀች። አባ ለሁሉም ነገር መልሳቸው "መልካም ነው" ነው። መልካም ነው አሉ። ነገ የመጀመሪያው ይበራል።

አባባ፣ ማለትም የአባዬ አባት፣ የቤታችን መንግሥትና የቤ/ክ ሻማ ኃላፊ፣ አክሊሉን በመነጽራቸው አናት ዓይተው አለፉ። ጥሩ ምልክት አይደለም።

ታኅ. 5፣ እሑድ

አልበራም።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አባባ ተነሡ። በኛ ሥርዓት ከገና በፊት ያሉት እሑዶች ሦስት ናቸው አሉ፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ስብከት የሚገባው የዛሬ ሳምንት ነው። ታዲያ የዛሬው ሻማ የማን እሑድ ነው? ጋሽ ወልዴ፣ መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ሁልጊዜ የሚስማሙት፣ ልክ ነው አሉ። ቀጥሎ አንድ ሴትዮ ሻማ ቢበዛ ምን ይጎዳል ስትል፣ እሱም ልክ ነው አሉ።

መጨረሻ ላይ አንዱ ይነቀል ተባለ። የትኛው? ሮዙ። አባባ እንዳሉት ሮዝ ሻማ ለልደት ኬክ ነው። እኔ ከኋላ፣ የምንጠብቀውስ ልደት አይደል እንዴ አልኩ። ሰው ሳቀ። አባ መልካም ነው አሉ። አባባ አላሉም።

እማዬ ቸርኬዋን አንሥታ ወጣች። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ የአንደኛ ፎቋ ጎረቤት አክሊሉን ስታይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማን ሞቶ ነው አለች። ማንም አልሞተም አለች እማዬ። እስካሁን፣ አልኩ እኔ።

አራተኛ ፎቅ ወጥታ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። አንዱን ለኮሰች። አባባ ሻያቸውን ይዘው ክፍላቸው ገቡ።

ታኅ. 7፣ ማክሰኞ

ቴሌ ሆኛለሁ። ሁለቱ አይነጋገሩም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሁሉም ነገር በእኔ በኩል ያልፋል።

ትናንት አባባ፦ ሽሮው ጨው በዝቶበታል በያት። እኔ፦ እማዬ፣ ሽሮው ጣፍጧቸዋል። ዛሬም ያው ሽሮ፣ ያው ጨው። አባባ አንድ ጆግ ውኃ ጨረሱ።

እማዬ፦ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ይዋጡ በያቸው። ይሄን እንዳለ አስተላለፍኩ። አንዳንዱ መልእክት አይነካም።

ታኅ. 12፣ እሑድ (ስብከት)

ቤ/ክ ውስጥ አክሊልም የለ፣ ምንም የለ። ቤት ግን ሁለት ሻማ በራ። በአባባ ቆጠራ አንድ ነው። በእማዬ ሁለት። እኔ ቤት ውስጥ ስንተኛ ሳምንት እንደሆንን አላውቅም።

አባባ ዛሬ የላኩኝ፦ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው በያት።

ደብተሬ፣ የአባባ ስም ማን ይመስልሃል? ፍራንስዋ። አዎ። እምድብር አንድ ፈረንሳዊ ሚስዮናዊ አጥምቀዋቸው የሰጧቸው ስም ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ፍራንስዋ ነው የሚላቸው። ፍራንስዋ የሚባል ሰው ቸርኬን ፈረንጅ ነው ይላል።

አላደረስኩም። ኔትወርክ የለም።

ታኅ. 15፣ ረቡዕ

እማዬ ገናን ሆሳዕና እውላለሁ አለች። ሰኞ በ27 እንሄዳለን፣ አንቺም ትሄጃለሽ አለችኝ። እኔ በገና ቅዳሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሮ ልመታ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ስደበድብ ከርሜአለሁ። አባዬም፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ከጂቡቲ መስመር ከነተሳቢው የሚገባው በዋዜማው ነው።

ነገሩ ከበሮው አይደለም ግን። ሻንጣውን አየሁት። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ገብቷል። ግድግዳው ላይ የነበረው የአባቷ ፎቶም ገብቷል። ለሦስት ቀን የሚሄድ ሰው ፎቶ አይነቅልም።

ለአባባ ነገርኳቸው፣ ፎቶውንም ጭምር። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነበር። መንገዱን ሰላም ያድርገው በያት አሉ። ይሄን ሳላስተካክል አደረስኩ። ማስተካከል ነበረብኝ። እማዬ ዕቃ ማጠቡን ትታ ቧንቧውን ሳትዘጋ ቆመች።

ታኅ. 19፣ እሑድ (ብርሃን)

በእማዬ ሦስተኛው። ሦስተኛው ደግሞ ሮዙ ነው። ተለኮሰ። ወዲያው ማጨስ ጀመረ፣ ጥቁር ጭስ፣ ጣሪያ ድረስ።

የአባባ በር ተከፈተ። ሠላሳ ዓመት የቤ/ክ ሻማ የጠበቀ ሰው ጭስ ሲሸተው አያስችለውም። የጺማቸውን መቀስ ይዘው መጡ። አጠፉት፣ ፈትሉን ቆረጡት፣ መልሰው ለኮሱት። ከዚያ ቸርኬውን ከመስኮቱ ንፋስ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉት። እማዬ አጠገባቸው ቆማለች። ክርናቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

ፈትሉ ረዝሞ ነው በያት፣ አሉኝ። ሰምቻለሁ በያቸው፣ አለችኝ።

ሰምታለች አልኳቸው። ደመወዝ ይገባኛል።

ታኅ. 22፣ ረቡዕ፣ ከሰ. በኋላ

ከት/ቤት ስገባ ቸርኬው በዚያ በራቁቱ በኩል ጽድ ለብሷል። አዲስ፣ ገና የሚሸት። እኔ አይደለሁም። እማዬም ሥራ ላይ ናት። አባባን ሰላም ስላቸው የመነጽራቸው እጀታ ላይ ሙጫ አለ። አልጠየቅኩም። ለእማዬም አልነገርኩም። አይታዋለች ግን። ጣቷን ጽዱ ላይ አሳርፋ ነበር።

ሻንጣው ግን እንደታሰረ ነው።

ታኅ. 24፣ ዓርብ

ትልቁን ሞከርኩ። እማዬ፣ አባባ አትሂጂ ብለዋል አልኳት።

ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

"የሽሮውንም አውቃለሁ" አለች። "አሥራ ሰባት ዓመት ያበሰልኩላቸውን ሰው ጨው ካንቺ አልማርም። ሪታ፣ ከእሳቸው አፍ ካልሰማሁ እሄዳለሁ።"

ኔትወርኩ ተጠልፎ ኖሯል።

አባባ ክፍል ገባሁ። በቃ እንዳለ ነገርኳቸው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ከእርስዎ አፍ ነው የምትጠብቀው አልኩ። ከዚያ ምላሴ አላርፍ አለ፦ አባባ፣ የእርስዎን ስም ማን ነው ያመጣው?

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። አለቀልኝ ስል ክብሪት ገዝተሽ ነይ አሉኝ። ክብሪት ቤት ሞልቷል። ቢሆንም ገዛሁ።

ታኅ. 26፣ እሑድ (ኖላዊ)

ጠዋት ቡፌው ባዶ ነው። ቸርኬውም የለም፣ አባባም የሉም። እማዬ ባዶውን ቦታ በጨርቅ ወለወለች። ጣሉት አለች። ለኔ አይደለም የነገረችኝ፣ ለቡፌው ነው። ቤ/ክ ሄድን።

ቸርኬው መቅደሱ ፊት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስቱ በርተዋል፣ ሮዙም ጭምር። አራተኛው አልበራም። አባባ አጠገቡ ቆመዋል፣ ጋቢያቸውን ግራና ቀኝ አጣፍተው፣ አዲሱን ክብሪት ይዘው። ጋሽ ወልዴ ተንጠራርተው፣ ሦስት ነው ብለን አልነበር እንዴ አሉ።

"ሦስቱ የእሑዶቹ ናቸው" አሉ አባባ።

"አራተኛውስ?"

አባባ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞሩ። አንዴ እኔን አዩኝ፣ ልማድ ሆኖባቸው መሰለኝ፣ በያት ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አለፉኝ።

"ዘነበች፣ ነይ ለኩሺው። አባትሽ ይለኩሱት አልነበር?"

እማዬ መጀመሪያ አልተነሣችም። ጎኗን ነካኋት። ከዚያ ሄደች። የመጀመሪያው ክብሪት ተሰበረ። ሁለተኛውን አባባ ጫሩላት፣ ነበልባሉን በመዳፋቸው ከልለው ሰጧት። ፈትሉ ቀድሞ ተቆርጦ ኖሯል፣ ምንም አላጨሰም። ጋሽ ወልዴ ልክ ነው አሉ። አባ ከመቅደስ ብቅ ብለው አዩ። ምን እንዳሉ መናገር አያስፈልግም።

ምሳ። ሽሮ። አባባ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ጭልፋውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉና ጨው በዝቶበታል አሉ፣ ለራሷ። የዛሬን ይቻሉት አለች፣ ለራሳቸው። እኔ መሀል ተቀምጬ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ። ከሥራዬ ተባረርኩ።

ሻንጣው ተከፍቷል። ፎቶው ወጥቷል፣ ግድግዳው ላይ አይደለም፣ ቡፌው ላይ ቸርኬው በነበረበት ቦታ። የሆሳዕናው ጉዞ ከጥምቀት በኋላ ይሁን፣ አባዬም ባለበት፣ ተባለ። ልብሴን ላውጣ። ከበሮም መለማመድ አለብኝ፣ ሁለት ቀን ነው የ

እማዬ እየተጣራች ነው። ቆይ። አይ፣ እኔን አይደለም፣ አባባን ነው