ከሕፃን እግር ወደ ሊቀመንበር ጠረጴዛ ስላደገው ቃጭል

አምቦ፣ ጥር 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ከበበው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የስብሰባዎቻችን ሁሉ መሪና ብቸኛ ተናጋሪ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አንሥተው እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አንድ ጉንጭ ውሃ ሳይቀምሱ ሲያስተምሩን ስለዋሉ፣ ቤተሰቤ በሙሉ ተጨንቆልዎት ነው የሰነበተው። ያ ስመ ጥሩ የከተማችን ውሃ እንኳ ክዳኑ ከተነሣ ጥቂት ቆይቶ ጋዙ ያልቃል፤ እርስዎ ግን አንዴ ከተከፈቱ ወዲያ የሚያልቅብዎ ነገር እንደሌለ አይተን አምላክን አመስግነናል። (ልጄ ብርቅነሽ «አምላክን» የሚለውን ሰርዘን «ታሪክን» እንበል ትለኛለች። እንዳሻዎ አድርገው ያንብቡት።)

እኔ ልብስ ሰፊው ወልደሰንበት ዘርትሁን ደህና ነኝ። ዓይኖቼን ብቻ ሞራ ስለ ጋረዳቸው ሰውን ከሰው የምለየው በድምፁና በኮቴው ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርሁ የምትጽፍልኝ መምህርቷ ልጄ ብርቅነሽ ናት፤ ፊደሉ ቢያምር የእርሷ ነው፣ ነገሩ ቢመር የእኔ።

የምጽፍበት ምክንያት፣ ባለፈው እሑድ በስብሰባ ላይ ስለ ፈጸምሁት ድፍረት ግለሂሴን በጽሑፍ አዘጋጅቼ፣ ሕዝብ ሁሉ እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንድለጥፍ ስላዘዙኝ ነው። ትእዛዙን በደስታ ተቀብያለሁ፤ በሰባ ሁለት ዓመቴ የተናገርሁት ነገር ተጽፎ ይለጠፍልኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም ነበር። ጉዳዩ ለእርስዎ የአንድ ቃጭል ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ግን የልጅ ልጄ ቤቴ ይቆያል ወይስ ይወሰድብኛል የሚለው ነው። ጥፋቴም እንደ ሹራብ ክር ነውና ጫፉን ካልያዙት አይተረተርም፤ ከጫፉ ልጀምርልዎ።

አንደኛ፤ ስለ ቃጭሉ።

የልጅ ልጄ ቀንዓ ዓመት ከመንፈቁ ነው። አባቱ የነቀምቴ መንገድ ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ቢል ነው፤ እናቱ ብርቅነሽ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ቀን ቀን ልጁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። «ዓይን የሌለው ጠባቂ» ብለው እንዳይስቁ፣ ልጁ በቀኝ እግሩ ላይ ሦስት ትንንሽ ቃጭሎች የተሰፉበት የቆዳ ማሰሪያ ነበረው። ቃጭሎቹ ከበቅሎዬ አንገት የወረዱ ናቸው፤ ይህች ከተማ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን፣ የስፌት መኪናዬን በእርሷ ላይ ጭኜ የጊንጪንና የሸነንን ገበያ ስዞር፣ ሰው እኔን ሳያየኝ በፊት የእርሷን ቃጭል ሰምቶ የተቀደደ ሱሪውን ይዞ ይወጣ ነበር። በቅሎዬ ስትሞት ለልጅ እግር ሰፋኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ በሠፈራችን ዐሥራ አንድ ልጅ በእነርሱ ድኋል፣ ቆሟል፣ ሄዷል። ከዐሥራ አንዱ አንዱን ወደ መጨረሻው ላይ አነሣዋለሁ።

የልጅ ልብስ ለብርድ ብቻ የሚመስለው ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም። ልጅን የሚያሳድገው በልብሱ ላይ የሚጨመረው ትንሹ ነገር ነው። ቆቡ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ክር ከሌለው፣ ያ ቆብ የልጁ ሳይሆን የጎረቤት ውሻ ነው። ካልሲው ከሱሪው ጋር ካልተሰፋ፣ ማታ ሁለት የነበረው ጠዋት አንድ ሆኖ ይገኛል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ከውስጥ እራፊ ካልተደረበበት ዳዴን አይችልም። የሽንት ጨርቁ መርፌ ቁልፍ ወደየት ዞሮ መቆለፍ እንዳለበትማ፣ አንድ ቀን ተሳስቶ የቆለፈ አባት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ቃጭሉ ደግሞ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነው። ቀስ ብሎ ቅጭል ቅጭል ካለ ልጁ እየሄደ ነው፤ ከፈጠነ ዶሮ እያባረረ ነው፤ አንዴ ጮኾ ዝም ካለ ወድቋል፣ ለቅሶውን መጠበቅ ነው፤ ዝምታው ከረዘመ ግን ወይ ተኝቷል ወይ አፈር እየበላ ነው። ይህን ሁሉ ትምህርት በየትኛው የውይይት ክበብ አገኘው ይሆን ብለው እንዳይመራመሩ፤ ያገኘሁት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው።

ይህን ቃጭል እርስዎ በኅዳሩ ስብሰባ ላይ ወሰዱት። ስለ ሰፊው ሕዝብ ንቃት ሲያስረዱን ሦስተኛውን ሰዓት ጨርሰው ነበር፤ ቀንዓ ከእናቱ ጭን ወርዶ በወንበሮቹ መካከል ቅጭል ቅጭል ሲል፣ ከኋላ ያንኮራፉ የነበሩት ሁሉ ነቁ። ንቃቱ የመጣው ከንግግሩ ሳይሆን ከእግሩ መሆኑ ቅር አሰኝቶዎት ይመስለኛል፣ «ይህ የማነው ደወል?» ብለው ጮኹ። ልጁም ጥያቄው ለእርሱ መሆኑ ገብቶት፣ እግሩን መሬት ላይ መትቶ መለሰልዎ። ከዚያ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ተንበርክኮ፣ የሕፃኑን እግር ፈታ። ትጥቅ ማስፈታት እንዲህ ደም ሳይፈስ ሲከናወን ሰምቼ አላውቅም፤ ልጁ አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም። «ይህ ኋላቀር ጌጣጌጥ ነው፤ ቢሮ ይቀመጥ» አሉ። ስለ ጥበቃው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ወደ ቀበሌያችን ቢሮ ከገቡት ዕቃዎች ሁሉ እስከ ዛሬ መኖሩ የሚታወቀው እርሱ ብቻ ነውና።

ሁለተኛ፤ ለሃጩ ደረቱን እንዳያበሰብሰው ከአንገቱ ላይ ስለምናስርለት ጨርቅ።

በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። ዓይኔ ሳይደክም የቀበሌውን የመፈክር ጨርቅ የሰፋሁት እኔ እንደሆንሁ ያውቃሉ፤ ከተረፈው ቀይ ቁራጭ ለልጁ የለሃጭ ጨርቅ ስሠራለት «ወደፊት» የሚለው ቃል ደረቱ ላይ ዋለ። «መፈክር ላይ ለሃጭ አይዝረከረክም» ብለው እርሱንም አስፈቱት። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከቀበሌያችን ነዋሪ ሁሉ መፈክሩን በተግባር ላይ ያዋለው ቀንዓ ብቻ ነበር፤ ግድግዳ እስኪገጨው ድረስ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ ሄዶ አያውቅም። ይሁን፤ ጨርቁን አልጠይቅም፤ ይቆይልዎ። ከአራት ሰዓት በላይ ለሚናገር ሰው ይጠቅማል፤ የፊት ወንበር ላይ የምንቀመጠው ይህን ቆዳችን ያውቀዋል።

ሦስተኛ፤ ቃጭሉ ከተወሰደ ወዲህ ስለሆነው።

ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሸምሲያ አዘነችልንና ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ባቄላ ጨምራ ከልጁ ወገብ ላይ አሰረችለት። ልጁ በግማሽ ቀን ጣሳውን ከፍቶ፣ አንዷን ባቄላ በአፍንጫው ውስጥ አስቀመጣት። ሸምሲያ በርበሬ አሽትታ በማስነጠስ አወጣቻት፤ ልጁም፣ እኔም፣ ድመቷም አስነጠስን። ቀጥዬ በገመድ ከአልጋ እግር ጋር አሰርሁት። ብርቅነሽ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ይህን ስታይ፣ «አባዬ! ይህ ወይፈን ነው እንዴ?» ብላ ገመዱን በቢላ ቆረጠችው። ገመዱ ደህና ገመድ ነበር።

ከዚያ በታኅሣሥ አንድ የገበያ ቅዳሜ ሆነ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ ልጁ ከአጠገቤ ሲጫወት ድምፁ ጠፋብኝና ልነሣ ስል ቅጭል ቅጭል ሰማሁ። እንግዲህ የለመደ ጆሮ ነውና፣ ቃጭሉ መወሰዱን ረስቼ «አለ» ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥሁ። የሰማሁት ግን በደጃችን የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ ነበር። ልጁም እንደ እኔው የጠፋበት የራሱ ቃጭል መስሎት ኖሮ ተከትሎት ሄደ። ሸምሲያ ሱቋን ክፍት ጥላ፣ በአንድ እግሯ ጫማ፣ ጋሪዎቹን እየተከተለች ሮጠች። ያገኘችው ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ ባለጋሪዎቹ ፈረስ ከሚያጠጡበት ቦታ ነው፤ ከዳርቻው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውሃው ሰድዶ፣ ፈረሱ ጠጥቶ ራሱን ባነቃነቀ ቁጥር እየሳቀ ነበር። አዝላው መጥታ ጭኔ ላይ ስታስቀምጠው፣ «አባባ፣ አንድ ክንድ ነበር የቀረው» አለችኝ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ በዚህ ቦታ ላይ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ብርቅነሽም ብዕሯን አስቀምጣ፣ ጥቂት ቆይታ ነው ያነሣችው።

በማግሥቱ፣ «አባዬ፣ አይቀየሙኝ፤ ልጄን በዕድል አላሳድግም» አለችኝ። ከጥምቀት በኋላ አባቱ ሲመጣ ይዞት ሸነን ይሄዳል፤ እዚያ የአባቱ እናት አለችለት፣ እርሷ ዓይን አላት። እኔም ልከራከር አስቤ ነበር፤ ችግሩ ልጄ ትክክል መሆኗ ነው። ሸነን ሩቅ አይደለም ይሉኝ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የልጁ ቃጭል የማይሰማበት ስፍራ ሁሉ ሩቅ ነው።

አራተኛ፤ ዋናው ጥፋቴ።

እሑድ ዕለት ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ (ለእኔ ብዙ ልዩነት የለውም) ንግግርዎን እሰማ ነበር። ወደ ሰባት ሰዓት ግድም ሕዝቡ ምሳውን እያስታወሰ ማጉረምረም ሲጀምር፣ እርስዎ ሥርዓት ለማስያዝ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አንሥተው አቃጨሉ። ያ «ኋላቀር ጌጣጌጥ» በሁለት ወር ውስጥ ከሕፃን እግር ወደ ሊቀመንበር ጠረጴዛ ማደጉን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ የሰማሁት የቀንዓን ቃጭል፣ ያውም ከላይ፣ ከመድረክ ከፍታ ላይ ነው። ልጁ የሆነ ነገር ላይ ተሰቅሏል ብዬ፣ ብድግ ብዬ በሙሉ ድምፄ፣ «አንተ! ውረድ ከዚያ! ማን ውጣ አለህ? ኮቱ፣ ና! ደግሞ ሱሪህን አርጥበሃል መሰለኝ!» አልሁ።

በቀበሌያችን በሙሉ ድምፅ የተላለፉ ብዙ ውሳኔዎች አይቻለሁ፤ ሳይታዘዝ በሙሉ ድምፅ የተላለፈ ግን ያ ሳቅ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ግለሂሴን እነሆ፦ የተከበሩ ሊቀመንበርን «አንተ» ማለቴ ስሕተት ነበር። ውረድ ማለቴም ስሕተት ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር በማመልከቻ እንጂ በጩኸት አይጠየቅም። ስለ ሱሪዎ የተናገርሁትም ያለ ማስረጃ ነው፤ ዓይኔ አያይምና።

ቀጥሎ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ያየችው ሸምሲያ ናት የነገረችኝ። ቀንዓ ቃጭሉን ሲሰማ ከእናቱ ጭን ሾልኮ፣ የመድረኩን ደረጃ በእጅና በእግሩ ወጥቶ፣ ከወንበርዎ አጠገብ ቆመ። እንዳይወድቅ ሱሪዎን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጠዋት ጠዋት ሳስርለት እንደሚያደርገው ቀኝ እግሩን አነሣልዎ። እርስዎ ቃጭሉን ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ልጁ ግን አልሄደም። ቀኙ ሲደክመው ግራውን አነሣ። ሳቁ የቆመው ያን ጊዜ ነው ትላለች ሸምሲያ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ለጠረጴዛዎ የሚሆን ደወል ካስፈለገ፣ ከባለጋሪዎቹ ለምኜ ለማዕረግዎ የሚመጥን የፈረስ ቃጭል አመጣልዎታለሁ፤ ድምፁ እስከ ጉደር ይሰማል። የልጁ ግን ለከተራ ዋዜማ በእግሩ ላይ እንዲገኝ፣ እናቱም ጓዙን ከመሸከፍ እንድትመለስ፣ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ሳይሆን ቢቀር ምንም አላደርግም፤ ምን አቅም አለኝ? የሚጠበቅ ልጅ ስለማይኖረኝ ብቻ፣ በየእሑዱ ማልጄ ከፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እርስዎም ባቃጨሉ ቁጥር ይህ አፌ ምን ብሎ እንደሚጠራዎት ከአሁኑ መናገር አልችልም።

ስላዳመጡኝ ገለቶማ እያልሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን ከአጭር ንግግር ጋር፣ ለቢሮዎ ብዙ መሳቢያና ጥቂት ቁልፍ እየተመኘሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር እሰናበታለሁ።

ጆሮ ብቻ የቀረው ታዛዥ ነዋሪዎ
ወልደሰንበት ዘርትሁን፣ ልብስ ሰፊ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከዐሥራ አንዱ ልጆች አንዱን አነሣለሁ ብዬ ነበር። ሦስተኛው ነው። በሁለት ዓመቱ ሦስት ጊዜ ወደ ሁሉቃ ሮጦ እናቱን ስላስጨነቃቸው፣ ቃጭሉን ከእኔ ለምነው አንድ ዓመት ሙሉ አስረውለታል። እናቱ ወይዘሮ አስካለች ይባላሉ፤ ልጁም ከበበው ይባላል። ትናንት እንዲያማልዱኝ ሄጄ ነበር፤ እርሳቸውም፣ «ጋሼ ወልደሰንበት፣ ሊጠይቀኝ ከመጣ እኮ ወሩ ነው! እንዲህ ይበሉልኝ፦ ከወደደው ያስቀረው፤ ግን ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል? እንደ ድሮው እግሩ ላይ ይሰረው። ያን ጊዜ ሲመጣም፣ ሲሄድም፣ ምን ውስጥ እንደገባም እንሰማ ነበር» አሉኝ። ሐሳባቸውን ለሠፈሩ ሰው ባቀርበው በሙሉ ድምፅ ተደግፏል። የቁርጭምጭሚትዎን ልክ ብቻ ይላኩልኝ፤ ማሰሪያውን በዳሰሳ እሰፋልዎታለሁ።