ትልልቅ ፊደል ለቤተ መጻሕፍቱ ገጽ

ሰኞ፣ ጥር 4
ልብስ አጠብኩ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት። የተመለሱትን መጻሕፍት በየመደርደሪያቸው አስገባሁ። ኃላፊዋ ጠራችኝ። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች መጽሐፍ ልታስነብብ ነው፤ ምዝገባው በድረ ገጻችን፣ እስከ ዓርብ።
"ገጹን የሚነካኩት እርስዎ ነዎት፣ አደራ። አንባቢም ይሆኑልኛል አይደል?"
"ገጹን እሠራለሁ። ማንበቡን ተዪኝ።"
ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። እሰየው።
ማስታወቂያውን ለጎረቤቴ፣ ጡረታ ለወጡት ልብስ ሰፊ አሳየኋቸው። ስልኩን አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት። "ይሄ ፊደል ነው ጉንዳን?" ዓይን ለደከማቸው የተጻፈ፣ ዓይን የደከማቸው የማያነቡት! ጉድ እኮ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 5
የፊደሉ መጠን አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተጽፏል። አንዱን ሳሳድግ ሌላው ይረሳል። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ እንጀራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው።
"እማዬ፣ ሳስ የሚባል መሣሪያ አለልሽ። መጠኑን አንድ ቦታ ብቻ ትጽፊያለሽ፤ እሱ በየቦታው አዳርሶ ሌላ ፋይል ያወጣልሻል።"
"እኔ ነኝ የምጭነው?"
"ታዲያ ማን? ፊደልን ብቻሽን የታገልሽ ሴት..."
እውነቷን ነው። ያስተማረኝ የለም። ሠላሳ ዓመቴ ላይ ከሳሙና መጠቅለያ ነው የለቀምኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 6
ተጫነ! የፎልደሩን ስም ሁለቴ አሳስቼ የኮምፒውተሩ መስኮት ቀይ በቀይ ሆኖ ነበር። በሦስተኛው "እየጠበቅሁ ነው" ዓይነት ነገር መለሰልኝ። ፋይል ባስቀመጥኩ ቁጥር አይቶ ይሠራል ማለት ነው። እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ...

ሐሙስ፣ ጥር 7
ልብ አውልቅ! ፊደሉን አሳድጋለሁ፣ ገጹ ላይ ያምራል። ቀለሙን በሌላው ፋይል አስተካክዬ ሳስቀምጥ ፊደሉ ተመልሶ ያው ድንክ። አራት ጊዜ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ለነገ ባይደርስስ? ማን አንብቦ ይመዘገባል?
ከምሳ በኋላ ልጄ ደወለች።
"ፊደሉን የምታሳድጊው የትኛው ፋይል ላይ ነው?"
"ረጅሙ ላይ ነዋ።"
ሳቋ! "እማዬ፣ እሱን እኮ የሚጽፈው መሣሪያው ነው! በሠራ ቁጥር ያንቺን ደምስሶ እንደ አዲስ ያወጣዋል። አጭሩን ንኪ፣ አንቺ የምትጽፊበትን።"
አንድ መስመር። ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ቦታ አደገ።
"ታዲያ አሁን አንባቢም ሁኚላቸው" አለች። ወሬውን ወደ ቀለሙ መለስኩት። "ምነው?" ... እንጃ፣ አመለጠኝና ነገርኳት። አባቷ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሳነብለት፣ ሲሰለቸኝ ገጽ እዘል ነበር። "ታሪኩ ተቆራረጠብኝ" ሲለኝ "እንቅልፍ ወስዶህ ነው" እለው ነበር። መዝለሉስ ይሁን። ሰውየውን በገዛ ጆሮው እንዳይተማመን ማድረጌ... ከሞተ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ያንገበገበኝ እሱ ነው።
"እኔም እዘል ነበር" አለች።
"አንቺም?!"
"ቅዳሜ ቅዳሜ ሳነብለት። ፍቅር ፍቅሩን። አባቴ ፊት አፍሬ።"
ምስኪን! ታዲያ የትኛውን መጽሐፍ ነው የሰማው? ሁለታችንም ሳቅን። እኔ በመሃል አለቀስኩ፤ የሰማች አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ጥር 8
ሰባት ሰው ተመዘገበ። ልብስ ሰፊው በራቸው ላይ ቆመው፣ ስልኩን በተዘረጋ እጃቸው ይዘው ማስታወቂያውን ለመንገደኛ ሁሉ ያነባሉ። አንባቢ ግን አራት ብቻ። ኃላፊዋ ቀና ብላም አላየችኝም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከደረጃው ተመልሼ ስሜን ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12
የማነብላቸው ልብስ ሰፊው ሆኑ። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ጀግናው መንገድ የሚሄድበት ጋ ስንደርስ ተቁነጠነጡ።
"እህቴ፣ ይሄን ዝለዪውና ድብድቡ ጋ ግቢ።"
"አልዘልም፣ ጋሼ።"
"እኔ ባለቤቱ ፈቅጄ?"
"ቢፈቅዱም።"
"ወይ መዓት! ከአህያ ጋር ገጠምኩ።"
መንገዱን ሁሉ ሄድነው፤ ኮረብታውን፣ ድልድዩን፣ ዝናቡን። ድብድቡ ጋ ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ። "ሆን ብለሽ ነው!" ብለው ጮኹ። ሐሙስ እንድመለስ አስምለው ለቀቁኝ።