የእህቴ ጣት በመስኮቱ ያልቀረበበት ምክንያት

የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.
ጎንደር

በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የተለጠፈ

ለተከበሩ ጓድ አንዳርጋቸው
የከተማችን ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እንቅልፍዎስ? ባለቤትዎና ልጆችዎ ዘወትር ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ መታመም ግድ ከሆነባቸውም በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ሰልፉ አጭር በሆነበት ጠዋት እንዲሆንላቸው እመኛለሁ። እኛ አንድ ሰው ብንጎድልም ደኅና ነን።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሀብተሥላሴ ደመቀ ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ጥቅምት ላይ ስለ ቁጠባ ሊያስተምሩን ሲመጡ ከፊት ረድፍ ቆሜ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁት ልጅ ነኝ። «ባንክ የሰፊው ሕዝብ መቀነት ነው፤ ባሻችሁ ጊዜ ትፈቱታላችሁ» ብለውን ነበር። ቃልዎን በደብተሬ ጽፌ ቤት ወሰድሁና ለታላቅ እህቴ ለባንቺአየሁ አነበብሁላት። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከማክሰኝት ሽንኩርት እያመጣች በቅዳሜ ገበያ ትሸጥ፣ የተረፋትንም በመቀነቷ ትቋጥር ነበር። «ምነው፣ እኔ የራሴ መቀነት እያለኝ የሕዝቡን ምን ላደርገው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሦስት ቀን ጨቅጭቄ አሸነፍኋት። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው ምስጋና ግማሹ ለእኔም የሚገባ መሆኑን አልክድም።

1. ስለ ጥበቃዎ አመሰግናለሁ። የቁጠባ ደብተሩን ስናወጣ እህቴ ስሟን መጻፍ ታውቅ ነበር፤ ባለፈው ክረምት በመሠረተ ትምህርት ያስተማርኋት እኔው ነኝ። ነገር ግን እጇ ገና አልፈታም፣ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፣ እኔም አፈርሁና «ለዛሬ በጣትሽ ፈርሚ» አልኋት። በጣቱ የሚፈርም ደንበኛ እንዳይታለል ተብሎ በቀን ከሃምሳ ብር በላይ እንደማይከፈለው፣ እሱም ቢሆን ራሱ ቀርቦ ጣቱን ካላሳረፈ እንደማይከፈለው የነገረን አልነበረም። ስሙን የሚጽፍ ሰው ግን ያለውን ሁሉ በአንድ ጠዋት ማውጣት ይችላል።

2. ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ጥር መጨረሻ ላይ እህቴን ሆዷን አመማት። ሐኪሙ የሚያስፈልጋት ቀዶ ሕክምና እዚህ እንደማይሠራ፣ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባት፣ የመኪናውን የሁለት ቀን መንገድ ግን ስለማትችለው በአውሮፕላን እንድትሄድ ነገረን። ለሁለታችን ቲኬትና ለመጀመሪያው ሰሞን ወጪ ሦስት መቶ ብር ይበቃን ነበር፤ በደብተሯ አራት መቶ ሃያ ነበራት። ሐሙስ በጎረቤታችን በአያ ክንዱ ጀርባ ታዝላ መጣች፤ ሃምሳ ብር ተሰጣት። ዓርብም ታዝላ መጣች፤ ሃምሳ። ቅዳሜ እጇን ይዤ ጣቷን ከቀለሙ ወደ ወረቀቱ ያደረስሁት እኔ ነበርሁ፤ ሃምሳ። አያ ክንዱ እህቴን እንዳዘሉ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ይች ልጅ እኮ የምትለምነው የራሷን ነው» ሲሉ ገንዘብ ከፋይዋ አንገቷን ደፋች። እርስዎ ከቢሮዎ ብቅ ብለው «አባቴ፣ ደንቡ ለእሷው ጥቅም ነው» አሏቸው። ወንበርም እንዲሰጣቸው አዘዙ። እንዲህ ባለ አክብሮት እምቢ የተባለ ሰው በጎንደር ከተማ አላየሁም።

ለምን አልተበደራችሁም ለሚሉኝ አንባቢዎች፦ ጠይቀናል። ጎረቤቶቻችን «ባንክ ብር ያላት ሴት ምነው ከእኛ ከድሆቹ?» አሉን። አልፈረድሁባቸውም፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

3. እሑድ ዝግ ነበር፤ ይህ የታወቀ ነው። ሰኞ ግን ሠራተኞቹ በሙሉ የሕዝብ አገልግሎትን ስለማሻሻል ለመወያየት ስብሰባ እንደገቡ የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ስላገኘሁ፣ ስለ ውይይቱ ፍሬያማነት ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

4. ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ቀና ብላ መቀመጥ አቃታት። ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ሰጠኋት። እንደተኛች፣ በእርሳስ፣ በየፊደሉ መሐል እያረፈች፣ ስሟን ሙሉውን ጻፈች። ይዤው ሮጥሁ። እርስዎም ወረቀቱን ተቀብለው፣ ጽሕፈቱ ንጹሕ መሆኑን ከመሰከሩልኝ በኋላ «ፋይሉ ላይ ያለው ጣት ነው፤ ጣቷ ይምጣ» አሉኝ። ፊርማ ለማስለወጥ ማመልከቻ እንድጽፍም መከሩኝ፤ ጻፍሁ፤ ወረቀቷን ከማመልከቻው ጋር አያይዘው ወደ ፋይሉ ከተቱት። ቤት ስደርስ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጣቷ በመስኮቱ ያልቀረበበት ምክንያት ይህ ስለሆነ፣ በፋይሉ ላይ እንዲመዘገብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ማንበብ የማይችሉት አያ ክንዱ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቀብሩን ገንዘብ ሙሉውን በእጄ አኖሩልኝ፤ ጣትም ፊርማም አልጠየቁኝም። እህቴ ያወጣችው መቶ ሃምሳ ብር ከትራሷ ሥር ነበር። የቀረው ሁለት መቶ ሰባ እርስዎ ዘንድ በደኅና ተቀምጧል፤ ሌባ አልነካውም፣ እሷም አልነካችውም።

ክቡር ሆይ፣ የተቀየምሁት ደንቡን አይደለም። ደንብ ትምህርት ቤታችን መጥቶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አላነጋገረኝም፤ እርስዎ ግን አነጋግረውኛል። አመንሁዎት፤ አምኜም እሷን አሳመንሁ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ሊያስተምሩን እንደሚመጡ ሰምተናል። እንኳን ደኅና መጡ እንላለን። ስለ ሃምሳ ብሩም እባክዎ ይንገሩን፤ የሚነግሩን ግን ከጭብጨባው በፊት ይሁን።

በሄዱበት ሁሉ ሰልፍ እንዳይገጥምዎ፣ ደስታዎም በየቀኑ እየተቆነጠረ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ሙሉውን እንዲከፈልዎ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ቃልዎን ቤት ድረስ ያደረሰው
ሀብተሥላሴ ደመቀ

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ከፋይዋ፣ አንገቷን ስለደፋች
የቁጠባ ደብተር ላላቸው የክፍላችን ተማሪዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገንዘቡ ባለበት ይቆይ፤ ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው ወረቀት ግን ይመለስልኝ። ለባንኩ እንደማይጠቅም ነግረውኛል፤ እኔ ደግሞ በእጇ የተጻፈ ሌላ ነገር የለኝም። ስሟ ስድስት ፊደል ነው። ለእሱም የቀን ገደብ ካለው፣ በቀን አንድ አንድ ፊደል እየቆረጣችሁ ብትሰጡኝ በስድስት ቀን እጨርሳለሁ። እኔ ጤነኛ ስለሆንሁ መመላለስ እችላለሁ።