ስሙን ሳልጠራ አባትሽን ጻፍኩት

ኒሩዬ፣ የአገራችን የኢላም አማልክት እዚያ ትምህርት ቤትሽ ዳርጂሊንግ ድረስ ተከትለው ከክፉ ይሰውሩሽ። እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን፣ ጎሿ ወለደች፣ የሻይ ቅጠሉም ተለቀመ፣ እኔ ግን በፍርሃት ልሞት ነበር።

የሴቶች ትምህርት ገብቼ የለ? አስተማሪያችን ቢምላ «ስለ ባላችሁ ጻፉ» አለችን። በወጋችን ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ ታዲያ ምን ልበል? «ጥሩ ሰው ነው» አልኩ።

«አንቺ፣ ጥሩ ለሩዝም ለጎሽም ይሆናል! ይሄ የማን ባል ነው?» ብላ አዳዲስ ቃላት ሰጠችኝ። እኔም «ግልፍተኛ ነው፣ ግን ርኅሩኅ፤ የምስር ወጥ ሽታ ሲመጣ ኩርፊያው ይጠፋል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ በሙሉ ወዲያው አወቀውና «የኒሩ አባት!» ብሎ ሳቀብኝ። ለካ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቃል አጥቼ በደንብ አላየሁትም ነበር!

ወሬው ሴት አያትሽ ጆሮ ገባ። ዛሬ ጠዋት «ነይ አንቺ፣ ልጄን ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? አንብቢ!» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ከቤት ያባርሩኛል ብዬ በልቤ ሻንጣዬን አሰናዳሁ።

«እኔኮ አርባ ዓመት ሽማግሌውን ‹እሱ› እያልኩ ኖርኩ» አሉ። «ለእሱም ቃል ፈልጊለት።»

በይ ልጄ፣ ሹራብሽን እንዳታወልቂ። ደግሞ እያንኮራፋ «አልተኛሁም» ለሚል ሰው የሚሆን ቃል መጽሐፍሽ ውስጥ ካገኘሽ ቶሎ ላኪልኝ፣ አያትሽ መልስሽን እየጠበቁ በር በሩን እያዩ ነው። ዕድሜሽ ይርዘም።

እናትሽ